መሐረቤ ላይ የቀረው ቀይ

በዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ያኔ ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከሸኮ በታች ወዳለው ቡናዬ ስወርድ ከኪሴ መሐረብ አይጠፋም። ላብ እጠርግበታለሁ፤ የቡና ገለፈት ሲቦን አፍንጫዬን አስርበታለሁ፤ ቃርሚያ እቋጥርበታለሁ። ትልቁ ጥቅሙ ግን ለውሃ ነው። በእኛ ጫካ ተጎንብሶ የሚጠጣ ከብት ብቻ ነው። ሰው መሐረቡን ውሃው ላይ ዘርግቶ በጨርቁ በኩል ይመጥጣል፤ አልቅት እንዳይገባበት።

ለቀማው ሊያልቅ ሲል የሚስቴ ወንድም እግሩን በገጀራ ቆረጠው። መሐረቤን አሰርኩለትና ደግፌው መጣሁ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ጠማኝ። በሸሚዜ ጫፍ አጣርቼ እንድጠጣ መከረኝ። ከሚያነክስ ሰው ምክር አልቀበልም ብዬ ቀለድኩበትና እንደ በሬ ተጎነበስኩ።

በሳምንቱ ጉሮሮዬን አንዳች ነገር ይነካካኝ ጀመር። ታጥቦ የተመለሰልኝ መሐረብ ስተፋበት ይቀላል። ባለቤቴ ስታጥበው ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቀይ እሸት ቡና ቋጥሬበት ነው አልኳት። እየዋለ እያደረ እኔም አመንኩት። አልቅት የከብት ነው እል ነበር። የጎረቤቴ በቅሎ ከዚያው ወንዝ ጠጥታ፣ ባፍንጫዋ ደም እያዘራች ታፍና ስትሞት አይቻለሁ። ጎትተው ከጣሏትም አንዱ እኔ ነኝ። ቢሆንም እኔ በቅሎ አይደለሁም።

ድምፄ ሻከረ። ምግብ አልወርድ አለኝ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ባለቤቴ መሐረቡን ከውሃው አውጥታ ፊቴ ዘረጋችው።

«የልጆቼ አባት፣ ቡናው ካለቀ ወር አለፈው። ይሄ ቀይ ከየት ይመጣል?»

ልመልስላት አፌን ስከፍት ድምፅ የለም። ውስጤ ያለው ነገር ተንቀሳቀሰ። አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ፀሐይ አዞረች፤ ምላሴን በማንኪያ እጀታ ተጭና አየች። 

«ጥቁር ነው» አለች። «አብጧል። ሲያሰኘው ይሳባል።»

ትምባሆ በጥብጣ እንድታጠጣኝ በእጄ አሳየኋት። አልቅት ለማስለቀቅ አባቶቻችን የሚያደርጉት እሱን ነው።

«አላደርገውም። ተነቅሎ ወደ መተንፈሻህ ቢወርድ እጄ ላይ ትቀራለህ። በቅሎዋም እንዲሁ ነው የሆነችው።»

ሐኪም ቤት አልሄድም እያልኩ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ያን ቀን የምከራከርበት ድምፅ አልነበረኝም።

በማግስቱ ጠዋት እህል ሳልቀምስ ቡና የጫነ አይሱዙ አስቁሜ ጋቢና ገባሁ። አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ምራቄን ለመዋጥ እየፈራሁ፣ ወደ ሚዛን ተፈሪ ሐኪም ቤት ሄድኩ።