ከዚያስ፣ ወረድክ?

ልጅ ሳለሁ የሰው አባት ሁሉ ስለ ጅብና ስለ ቀበሮ ሲያወራ የእኔ አባት ስለ አውሮፕላን ነበር የሚያወራው። ሥራው በአንበጣ ላይ መድኃኒት የምትረጭ ትንሽ አውሮፕላን ማብረር ነበር። የአንበጣ ወሬ ሲሰማ ይሄዳል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ደግሞ እስከ ደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲህ ባገኘው የጭነት መኪና አማኑኤል ወዳለው ቤታችን ይመለሳል። ሰማይ ለሰማይ ሲዞር የከረመ ሰው ከጤፍ ጆንያ ጋር ተጭኖ መምጣቱ እናቴን ሁልጊዜ ያስቃት ነበር።

ማታ ኩራዙ ጥላችንን ግድግዳው ላይ እያወዛወዘ፣ የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ፍሙን ከበን እንቀመጣለን። ያኔ አባቴ «ተረት ተረት» አይልም፤ «ቀበቶ እሰሩ!» ነበር የሚለው። እኔና ወንድሜ ነጠላ ወገባችን ላይ ሸብ አድርገን «አሰርን!» እንላለን። ሞተሩን በአፉ ያስነሣና እጆቹን ዘርግቶ በጮቄ ትከሻ ላይ ያዞረናል፣ የዓባይን በረሃ ቁልቁል ያሳየናል፣ ደመና ውስጥ ይዞን ይገባል። መብረር እንዴት እንደሚወድ ለማወቅ ያን ጊዜ ፊቱን ማየት ይበቃ ነበር።

እናቴ ጥግ ይዛ ጥጥ ትፈትላለች። የማትሰማ ትመስላለች እንጂ ደመናው ከበድ ሲል እንዝርቷ ቀጥ ይላል።

«ከዚያስ፣ ወረድክ?»

ሰውየው እኮ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ሽምብራ ይቆረጥማል! «የለም፣ እስካሁን እዚያው ነኝ» ሲላት ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እሷ ግን «ወረድኩ» እስኪላት ድረስ እንዝርቷን አታንቀሳቅስም።

አንድ ዓመት ይመጣል በተባለበት ሳምንት ሳይመጣ ቀረ። ያኔ ስልክ በየቤቱ የለም፤ የሚጠየቅ ሰውም አልነበረም። እናቴ በየማታው እራቱን ከፍላ ታስቀምጥና ጠዋት ለእኛ ትሰጠናለች። ያለ ተረት መተኛት ያቃተው ወንድሜ አንድ ማታ «እማዬ፣ አንቺ አብርሪን» አላት። ትንሽ አሰበችና «ተነሣ፣ በረረ፣ ወረደ፤ አለቀ። ተኙ!» አለች። እኛ ስንስቅ ኩራዙን እፍ ብላ አጠፋች፤ ከዚያ በጨለማው ውስጥ ስታለቅስ ሰማኋት።

አባቴ ቅዳሜ ገበያው በተበተነ ሰዓት እያነከሰ መጣ። ያን ማታም ቀበቶ አሰርን። መድኃኒት ረጭቶ ሲመለስ ጉም እንደያዘው፣ ገበሬዎች ከእርሻ መሃል አንስተው ጋቢ እንዳለበሱትና ሲያስታምሙት እንደሰነበቱ እያሳቀ ነገረን። «በጉሙ ውስጥ ምድር የት እንዳለች ጠፋችኝ» አለና እንደ ልማዱ ወደ እናቴ ዞሮ ጥያቄዋን ጠበቀ። እንዝርቷ ግን ይሽከረከራል።

«ዛሬ አትጠይቂኝም እንዴ?» አላት።

«ደከመኝ» አለችው ቀና ሳትል።

አባቴ ያን ተረት አልጨረሰውም። እግሩ ከዳነ በኋላ፣ የአንበጣው ወቅት ደርሶ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሊወስዱት ሲመጡ፣ በር ላይ ቆሞ «ልጆች አሉኝ፤ ሚስትም አለችኝ» ብሎ መለሳቸው። ያን ማታ ማንም ቀበቶ እሰሩ ሳይል፣ እናቴ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና «ያ የጉሙ ነገር... ከዚያስ፣ ወረድክ?» አለችው።

«ወረድኩ» አላት።

ከዚያ ወፍጮ ቤት ከፈተ፤ ሞተር ሳይሰማ መዋል አይሆንለትም። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ፊቱ ዱቄት እንደለበሰ ወደ ደጅ ይወጣና ድምፁ እስኪጠፋ አንጋጦ ያያል። ቆጭቶታል፣ እንዴት አይቆጨው! ግን አንድም ቀን በእኛ አላመካኘም። ማታ ማታ ማብረሩንም እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልተወም፤ በኋላ በኋላ ይዞ የሚበረው የልጅ ልጆቹን ነበር።

ባለፈው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በአውሮፕላን ተሳፈርኩ። ቀበቶ እሰሩ ሲባል «አሰርን!» ልል ነበር፤ ጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ እንባዬን አይተው ፍርሃት መስሏቸው አጽናኑኝ። የአውሮፕላኑ ጎማ መሬት እንደነካ ስልኬን ከፈትኩ፤ ወዲያው ጮኸ። እናቴ ነበረች። ጤና ይስጥልኝም አላለችም።

«ወረድሽ?»

«ወረድኩ፣ እማዬ።»

ከዚያ ከስልኩ ማዶ እንዝርቷ ሲሽከረከር ሰማሁት።