ረቢው ስማቸውን ሲጠሩ

ትናንት ቬጋስ ውስጥ አሊያንቴ በሚባል ሰፈር አንድ ማተሚያ ቤት ስገባ የቀለሙ ሽታ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

እማዬ ያኔ እዚሁ ቬጋስ የአንዲት ትንሽ የአይሁድ ጋዜጣ ቢሮ ታጸዳ ነበር። አዘጋጁ ሽማግሌ ረቢ ነበሩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠረጴዛቸው ሥር ቁጭ ብዬ ሥዕል እሥላለሁ። ጋዜጣው ከመታተሙ በፊት ረቢው በሞት ዜና ገጹ ላይ የሚወጡትን የሟቾች ስም ጮክ ብለው ያነባሉ። ከእያንዳንዱ ስም በኋላ፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ይላሉ።

አንድ ቀን የራሳቸውን ስም ጠሩ። ታመው ስለነበር የሞታቸውን ዜና ራሳቸው ጽፈውት ኖሯል። ዝም አሉ። ኤሲው እንኳን ጸጥ አለ። ዝምታው ሲረዝምብኝ፣ «አቤት!» አልኩ።

ረቢው ጎንበስ ብለው አዩኝ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ምን አለች?» ብለው እማዬን ጠየቋት።

«ስንጠራ እንዲህ ነው የምንመልሰው» አለቻቸው።

«አንቺን አልጠራሁም!» አሉኝ። ወዲያው ስማቸውን ከገጹ ላይ ሰረዙት። እማዬም ዳግመኛ እዚያ ይዛኝ አልሄደችም።

ረቢው ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ትናንት ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ለእማዬ ደውዬ ያን ቀን አነሳሁላት።

«እስኪሞቱ ድረስ በየሳምንቱ ይደውሉልኝ ነበር» አለችኝ። «‹ልጅቷ በሕይወት አለች?› ብቻ ነበር የሚሉኝ።»