አንድ ሹራብ ለሁለት ፈረቃ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከመናኸሪያው ወደ ትምህርት ቤቱ በሚወስደው መንገድ መሐል አንድ ወፍጮ ቤት አለ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ የአስፈጪዎች አህያ በሚታሰርበት ግንብ ሥር፣ ሁለት ወንድማማቾች በትምህርት ቀን ሁሉ ቀትር ላይ ይገናኙ ነበር። ታላቁ ባምላኩ ከጠዋቱ ፈረቃ ተለቆ እየሮጠ ይመጣል፤ ታናሹ ሰውነት ከቤት በካናቴራ ወጥቶ ይጠብቀዋል። ባምላኩ ሰማያዊ ሸሚዙንና ጥቁር ሰማያዊ ሹራቡን አውልቆ ያቀብላል፤ ሰውነት ካናቴራውን ያቀብላል። ታናሹ የወንድሙ ሙቀት ያልለቀቀውን ልብስ እጅጌውን እየጠቀለለ ወደ ትምህርት ቤት ሲፈተለክ፣ ታላቁ እምብርቱን በማይሸፍን ካናቴራ ወደ ቤት ያዘግማል። ፈረቃው ሲገለበጥ ርክክቡም ይገለበጣል። ሱሪ አላስቸገረም፤ ጥቁር እስከሆነ ድረስ የሚጠይቅ አልነበረም። ይህን ሁሉ የሚያዩት አህዮቹ ብቻ ነበሩ፤ እነሱ ደግሞ ወሬ አያወጡም።

ዘዴውን ያወጣችው እናታቸው እናኑ ናት። እናኑ የቋሪት ሰው ናት፤ ከገበዘ ማርያም ወጣ ብሎ ካለ መንደር ተድራ ፍኖተ ሰላም ገባች። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ እንደ ወረደ በዚያው ቀረ። ሞተ እንዳይባል መርዶ አልመጣም፤ አለ እንዳይባል ድምፁ አልተሰማም። ሰው ሲጠይቃት “ቆላ ነው” ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም። እሷ በክረምት በቆሎ እሸት እየጠበሰች፣ ሲሞቅ ደግሞ ማንጎ በሳህን ደርድራ ለመንገደኛ ትሸጣለች። አውቶቡስ ሲቆም ከሁሉ ቀድማ መስኮት ሥር የምትደርስ እሷ ናት።

ድኻ መባል አያስከፋትም፤ መናኸሪያው ዙሪያ ከእሷ የተሻለ ብዙ አልነበረም። የሚያስፈራት የሰው አፍ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሸሚዙንና ሹራቡን አጥባ፣ ዝናብ ሲሆን ከፍሙ አጠገብ ዘርግታ፣ የላላውን ቁልፍ አጥብቃ፣ ሰኞን ትጠብቃለች። ልጆቹንም አስጠንቅቃቸዋለች፤ “ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የቤታችሁን ገመና ለሰው እንዳታወጡ።” እነሱም አላወጡም። ሰፈርተኛው የሚያውቀው የእናኑ ልጆች ንጹሕ ለብሰው እንደሚማሩ ነው።

ነሐሴ ሲያልቅ ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ሰበሰበ። እናኑ ከባንቺአየሁ አጠገብ ተቀመጠች። ባንቺአየሁም እዚያው መናኸሪያ በቆሎ ትጠብሳለች፤ ቀን ገበያ ሲሻሙ ይዘላለፋሉ፤ ማታ አብረው ወደ ቤት ይገባሉ።

“ኧረ እናኑ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ” አለቻት ባንቺአየሁ ስብሰባው እስኪጀመር። “የኔ ልጆች ሹራብ ሳይከርም ይተለተላል። ያንቺዎቹ ስንት ዓመት ለበሱት! ምን ትቀቢዋለሽ?”

“ምላስሽን” አለች እናኑ። “እሱ አያልቅ።”

ባንቺአየሁ ከት ብላ ሳቀች። በዚህ መሐል ርእሰ መምህሯ ወይዘሮ ንጋት ብድግ አሉ። አዲሱ ሕንፃ ማለቁን፣ ክፍል መብቃቱን፣ ከዘንድሮ ጀምሮ ፈረቃ ቀርቶ ተማሪው ሁሉ ጠዋት ገብቶ ሙሉ ቀን እንደሚማር ተናገሩ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እናኑም እልል አለች፤ ድምፅ ስላላት የእሷ ከሁሉም በላይ ተሰማ። እልልታው ጉሮሮዋ ውስጥ ሳለ ነገሩ ገባት። ሁለቱም ጠዋት። በአንድ በር። በአንድ ሹራብ።

“ደግሞም” አሉ ወይዘሮ ንጋት ጭብጨባው ጋብ ሲል፣ “የደንብ ልብስ ያልለበሰ ተማሪ በር ላይ ይመለሳል። አምና አይተን እንዳላየን አልፈናል፤ ዘንድሮ የለም።”

“ምነው ዝም አልሽ?” አለች ባንቺአየሁ።

“ጉሮሮዬን ያዘኝ” አለች እናኑ።

ሌላ ልብስ ማሰፋት የማይታሰብ ነበር። የዘንድሮ ዝናብ መንገዱን ስለቆራረጠው መኪናው ቀንሷል፤ በቆሎዋም ተጠብሶ የሚበላው ሲያጣ ለራት እየሆነ ነው። ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ልጆቿ በቆሎውን እየፈለፈሉ ሳለ የሰማችውን ነገረቻቸው። ሰውነት ዘንድሮ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ባምላኩ ስምንተኛ ገብቷል፤ ሚኒስትሪ የሚፈተንበት ዓመት ነው።

“ቀላል ነው እኮ እማ” አለ ሰውነት አፉን ሞልቶ። “እኔ ለብሼ እገባለሁ፤ ከዚያ በአጥሩ ላይ እወረውርለታለሁ። እሱም ለብሶ ይገባል።”

“ከገባ በኋላስ? አንዳችሁ ራቁታችሁን ባንዲራ ልትሰቅሉ?”

ሰውነት ይህን አላሰበበትም ነበር። ባምላኩ ግን ከበቆሎው ቀና አላለም።

“እሱ ይማር” አለ። “እኔ ረዳት እሆናለሁ። ከቡሬ ደምበጫ የሚሠራው ሚኒባስ ሾፌር፣ ትምህርት ሲከፈት ልጅ ስለማላገኝ ና ብሎኛል።”

“መቼ ነው ያለህ?”

“ቆይቷል።”

“ቆይቷል!” እናኑ የፈለፈለችውን በቆሎ ሰፌድ ላይ ዘረገፈችው። “አንተ ልጅ፣ በር ላይ ተንጠልጥለህ ‘ደምበጫ! ደምበጫ!’ ስትል ልስማህ? እዚያው ቁጭ ብዬ በቆሎ እየጠበስኩ?”

“በቆሎ እኮ እገዛሻለሁ” አለ ባምላኩ። ሰውነት ሳቀ፤ እናኑ ግን አልሳቀችም። ልጁ ቀልዱን የተናገረበት ድምፅ የለየለት የትልቅ ሰው ድምፅ ነበር፤ የቆረጠ ሰው ድምፅ። አባቱም ወደ መተማ ሲወርድ እንዲሁ እየቀለደ ነው የወጣው።

በማግሥቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። የምትለውን መንገድ ላይ አዘጋጅታለች። አገሯ ውስጥ ሰው የሚፈልገውን ነገር ፊት ለፊት አይጠይቅም፤ ዙሪያውን ይዞራል፤ የሚሰማው ሰው ልብ ካለው መሐሉን ራሱ ያገኘዋል። እናኑም ከዝናቡ ጀመረች፤ ወደ አዲሱ ሕንፃ ማማር አለፈች፤ ወይዘሮ ንጋትን አመሰገነች፤ ከዚያ በዝግታ ወደ ነገሯ ተጠጋች።

“መቼም እመቤቴ፣ ታላቁ ልጄ ጠዋት ጠዋት እጄ ነው። እንዲያው ለእሱ ብቻ ከሰዓት በኋላ ቢሆንለት ብዬ...”

ወይዘሮ ንጋት መነጽራቸውን አወለቁ። የተማሩት ባሕር ዳር፣ ያደጉትም ከተማ ውስጥ ነው፤ ዙሪያውን እንጂ መሐሉን አላገኙትም።

“ወይዘሮ እናኑ፣ ልጁ ስምንተኛ ክፍል ነው። እርስዎ በቆሎ ሊያሸጡት ነው የሚፈልጉት?”

“ኧረ እኔስ...”

“እናንተ ወላጆች ናችሁ እኮ የምታስቸግሩን። ልጁ መማር ይፈልጋል፤ እናት ደግሞ ሥራ ያዝልኝ ትላለች። እንዲህ ያለ ነገር ከእርስዎ አልጠበቅሁም። ልጆችዎ ምን የመሰለ ንጹሕ ልብስ ለብሰው እንደሚመጡ አያለሁ፤ ችግር እንኳን ቢሆን ይገባኝ ነበር።”

እናኑ እጅ ነሥታ ወጣች። ግቢው መሐል ስትደርስ ግን ቆመች። ገመናዬን ሸፈንኩ ብላ ስሟን አጠፋች። አሁን እኚህ ሴትዮ እናኑ ልጇን ከትምህርት የምታስቀር እናት ናት ብለው ይኖራሉ። ባምላኩም ትምህርት ሲከፈት ሚኒባስ ላይ ሲንጠለጠል ቢታይ እሷ ሰደደችው ይባላል። ያ ሁሉ እጥበት፣ ያ ሁሉ ስፌት ለዚህ ኖሯል?

ተመለሰች። በሩን አላንኳኳችም።

“ሹራቡ አንድ ነው” አለች፣ ቆማ።

“ምን አሉ?”

“ሹራቡም አንድ ነው፤ ሸሚዙም አንድ ነው። ጠዋት አንዱ ይለብሰዋል፤ ቀትር ላይ ወፍጮ ቤቱ ጋ አውልቆ ለወንድሙ ይሰጠዋል። እርስዎ ንጹሕ ነው የሚሉት እሱን ነው። ፈረቃው ሲቀር እልል ያልኩት ሳላስበው ነው። ልጄን በቆሎ ላሸጥ ብዬ አይደለም የመጣሁት።” ነጠላዋን መልሳ አጣፋች። “ይኸው ነው። ይህን ደግሞ ለሰው አልተናገርኩም።”

ወይዘሮ ንጋት ከመቀመጫቸው ተነሡ። ወንበር ስበው አስቀመጧት። ሲናገሩም ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣቸውም፤ ግን ድምፃቸው ቅድም የነበረው አልነበረም።

“ፈረቃውን መመለስ አልችልም።”

“አውቃለሁ።”

“ልብስ የምሰጥበትም ነገር የለኝም፤ ውሸት አልነግርዎትም።” በእስክሪብቶ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። “ሸሚዙን አንዱ ቢለብስ፣ ሹራቡን ሌላው ቢለብስስ?”

“በር ላይ አይመልሷቸውም?”

“እህል እስኪገባ ድረስ ሸሚዝ ብቻ ወይም ሹራብ ብቻ የለበሰ ይገባል ብዬ ለጥበቃው እነግራለሁ፤ በር ላይም አስለጥፋለሁ። ለእርስዎ ልጆች ብቻ ካልኩት ሰው ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ለሁሉም ነው።”

እናኑ ለመሳም ወደ እጃቸው ስታጎነብስ እጃቸውን ሰበሰቡ። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም ይባል የለ?” አሉ።

“ይባላል” አለች እናኑ። “ግን ሐኪሙ ቀድሞ ካልተቆጣ ነው።”

ወይዘሮ ንጋት ሳይወዱ ሳቁ።

ትምህርት በተከፈተ ዕለት፣ በመስከረም ብርድ፣ እናኑ ቤት ጠብ ተነሣ። ሁለቱም ሹራቡን ፈለጉ። ባምላኩ ታላቅነቱን ቆጠረ፤ ሰውነት ሸሚዙ ክርኑ ላይ መጣፉን አሳየ። አንዱ እጅጌውን፣ ሌላው ክሳዱን ይዘው ሲጓተቱ እናኑ መሐላቸው ገባች።

“ልቀቁ! ሊተለተል ነው! ይህን ሳምንት ባምላኩ፣ የሚመጣውን ሰውነት።”

“ፈረቃ ቀርቷል ተብሎ!” አለ ሰውነት።

“ትምህርት ቤት ነው የቀረው። እዚህ አልቀረም።”

ባምላኩ ሹራቡን አጠለቀው፤ እጅጌው ከአንጓው በላይ ቀረ። ስለ ሚኒባሱ ነገር አላነሣም፤ እሷም አላነሣችበትም። ይልቅ “ቶሎ በሉ” አለ፣ እሱ ራሱ የያዛቸው ሰው ሳይመስል።

ሁሉም ወጡ። እናኑ የበቆሎ ጆንያዋን ተሸክማ በሩን ገጠም አደረገችና እጇ በአየር ላይ ቀረ። ቁልፍ የላትም። ይህ ቤት ቀን ተቆልፎ አያውቅም፤ አንዱ ልጅ ሲወጣ አንዱ ይገባ ነበር፤ ሁልጊዜ የሚጠብቀው ሰው ነበረው። ቁልፍ መግዛት ትዝ ያላትም ቀን የለም።

“እማ፣ ረፈደ እኮ!” ብለው ጮኹ፣ ሁለቱም ባንድ አፍ።

ጆንያዋን አወረደች፤ አፉ የታሰረበትን ገመድ ፈታች፤ በሩን ከመቃኑ ጋር ጠፍራ አሰረችው። ሌባ የሚያስቆም አልነበረም፤ የሚሰረቅም ብዙ አልነበረም። አፉ የተከፈተውን ጆንያ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ አንዳንድ በቆሎ መንገድ ላይ እየጣለች፣ ልጆቿን ተከትላ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ሄደች። ጥበቃው ባለሹራቡን አየ፤ ባለሸሚዙን አየ፤ እጁን ወዘወዘ። ገቡ።

እናኑ ወዲያው አልሄደችም። ከኋላቸው ሹራብ ብቻ፣ ሸሚዝ ብቻ የለበሱ ሌሎች ልጆች ጥንድ ጥንድ ሆነው እየመጡ ነበር። እነዚህ ሁሉ የት ይገናኙ ኖሯል? ብላ አሰበች። ከዚያ የመጀመሪያው አውቶቡስ ጡሩንባ ተሰማ፤ ጆንያዋን ከፍ አድርጋ አቀፈችና ወደ መናኸሪያው አቀናች።