እህል የማይሻገርባት ደሴት

አዴ ዲሪቤ የሰው ጥቅል ሲፈትሹ ጣቶቻቸው አራስ ልጅ እንደሚያጥቡ ያህል ይጠነቀቁ ነበር። ነጠላውን ያራግፋሉ፣ የቅርጫቱን ስፌት በጥፍራቸው ይፈለፍላሉ፣ የከረጢቱን አፍ ገልብጠው ጥጉን ይዳብሳሉ። ይህን የሚያደርጉት ገባ በሚባለው ወንዝ ዳር፣ ታንኳው የሚታሰርበት ሾላ ሥር ተቀምጠው ነው።

ከያዮ በታች ወንዙ መሐል ጫካ የለበሰች ደሴት አለች። የአባታቸው ቀፎዎች እዚያ ነበሩ። ይብራ የሚባሉት የዱር ዳክዬዎችም እዚያው ከዛፍ ሥር፣ እንዲሁ መሬት ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። አይጥ የለማ። ድሮ አንድ ሰው በቆሎ በቅርጫት ይዞ ተሻግሮ አይጥ አብሮት ገብቶ ነበር፤ አይጡን ለመጨረስ አባታቸው ሰባት ዓመት ፈጀባቸው። ከዚያ ወዲህ ለቤተሰቡ ሕግ ሆነ፤ እህል አይሻገርም። የበሰለ ብቻ፣ እሱም በቅጠል ተጠቅልሎ።

የእኔ ባል ነመራ የወንድማቸው ልጅ ነው። እሳቸው ናቸው ያሳደጉት። ማር ቆረጣ በሄድን ቁጥር ያሾፍባቸዋል።

«አክስቴ፣ ይሄ ቆሎ ምን በደለ?»

«ምንም አልበደለ። ሆድህ ውስጥ ሆኖ ይሻገር።»

እሱ ቆሞ ቆርጥሞ እስኪጨርስ እኛም ቆመን እንጠብቃለን። ወደ እኔ ዞር ይሉና «የመቱዋ ሙሽራ፣ ያንን ሹሩባሽንም ልፍታው እንዴ?» ይሉኛል። እኔ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው።

በ1929 ጣሊያን መጣ። መኪኖቹ መቱ ድረስ ዱቄት በጆንያ አመጡ፤ ከጆንያው ጋር ድመት የሚሸሸው ትልቅ አይጥ መጣ። በዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ነመራ ከአርበኞች ጋር ሆኖ ሲዋጋ ጭኑን ተመታ። አዴ ዲሪቤ ማንም ሳያያቸው ደሴቷ ላይ ደበቁት። በየቀኑ የተቀቀለ ጎደሬ በኮባ ጠቅልለው ይወስዱለታል። ቁስሉ አመረቀዘ። አንድ ቀን አብሬ ሄጄ «ሽብሬ፣ ትኩስ ቂጣ አማረኝ» አለኝ። 

ጉትቻዬን ሰጥቼ ከጣሊያን መጋዘን የወጣ ሩብ ጆንያ ዱቄት ከመቱ ገበያ አመጣሁ። በዚያ ቀን አዴ ዲሪቤን ከመንደሩ ሰው ጋር ጣሊያኖቹ ለመንገድ ሥራ ወስደዋቸው ነበር። ሾላው ሥር ደርሼ ጆንያውን ልፈታ ስል ከኋላዬ የወታደር ድምፅ ሰማሁ። ዱቄቱ ዳር ላይ ቢፈስ ነጩ ያሳብቅብናል ብዬ ፈራሁ፤ እንደታሰረ ጭኜው ቀዘፍኩ። መሐል ወንዝ ላይ ከጆንያው ሥር አንድ ነገር የተላወሰ መሰለኝ። ታንኳው ነው የወዘወዘው አልኩ።

ነመራ ጆንያውን አይቶ «አክስቴ ፈትሸውታል?» አለኝ።

«አዎ።»

እዚያው ጋገርኩለት፤ ሁለት ቂጣ በላ። በዘጠነኛው ቀን ሞተ። አሻግረን ቀበርነው። ጆንያውን ከዛፍ ሥር እንደተቀመጠ ረሳሁት።

ሚያዝያ ላይ ለማር ስንሻገር የይብራው ጎጆ ውስጥ ያለው የእንቁላል ቅርፊት ብቻ ነው። ከቀፎዎቹ ሁለቱ በስተታች ተቦርቡረው ሰፈፋቸው መሬት ላይ ተበትኗል። አዴ ዲሪቤ እየዞሩ ሲፈልጉ የተበሳሳውን ጆንያ አገኙት። ይዘውት መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«ለእሱ ነው?»

«ለእሱ ነው።»

«በላ?»

«ሁለት ቂጣ።»

ጆንያውን አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ያዙት። «እሺ» አሉ። ያንን ነገር ዳግመኛ አላነሱብኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠፍጣፋ ድንጋይ በቀጭን እንጨት እየደገፉ ወጥመድ ይሠሩ ጀመር። በየጠዋቱ ይሻገራሉ፣ የሞተውን አንስተው ወንዝ ይጥላሉ፣ ድንጋዩን መልሰው ያቆማሉ። አንዱ ድንጋይ ወድቆ ሌባ ጣታቸውን ጨፈለቀው፤ ከዚያ ወዲያ ቅርጫት ሲፈትሹ በመሐል ጣታቸው ሆነ። አባታቸውን ሰባት ዓመት የፈጀባቸው ያቺ የአገራችን ትንሽ አይጥ ነበረች። ይሄኛው አንዱ ሲሞት እስኪቀበር እንኳ ሳይጠብቅ ሌላው ይተካል።

ጣሊያን በ33 ወጣ። አይጡ አልወጣም። አዴ ዲሪቤ ያረፉት በ41 ነው፤ እስከዚያ ድረስ አንድም የይብራ ጫጩት ከደሴቷ ወደ ውኃ ሲወርድ አላዩም። ቀፎዎቹም አንድ በአንድ ባዶ ቀሩ።

ወጥመዱን እኔ ወረስኩ። ፊደል የቆጠርኩት ከልጅ ልጆቼ ጋር ነው፤ መጀመሪያ የጻፍኩትም ይህንኑ ማስጠንቀቂያ ሾላው ላይ በሰቀልኩት ጣውላ ላይ ነበር። ዝናብ አጠበው። ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት። ከያዮ በታች ገባ ወንዝን የምትሻገሩ ሰዎች፣ ለታመመ ቢሆንም፣ ወታደር ከኋላ ቢመጣም፣ ጥቅላችሁን ከወዲህ ማዶ ፍቱት። ማዶ ያለው ሰው ተፈትሿል ወይ ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ እባካችሁ እውነቱን ንገሩት።