ከቀይዋ መኪና ሆድ ስር የተገኘው ዘንዶ

ዘንዶው የሰፈሩን ካፌ በረንዳ ከዳር እስከ ዳር ያህል ነበር አሉ። ጋሼ ጋደም በጀርባው ተንጋሎ የጥርስ ሐኪሙን ቀይ የስፖርት መኪና ሆድ ሲያጸዳ፣ ዘንዶው ከሞተሩ ጓዳ ሹልክ ብሎ ወረደና አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ጋደም ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በአንድ እጁ ዘንዶውን አነቀ፣ መኪናዋ ስትወድቅበት በደረቱ ደገፋት፣ በሌላው እጁ ደግሞ የጀመረውን ብሎን ቦርሾ ጨረሰ። ሰውየው ሥራ ሳይጨርስ አይነሳማ!

ወሬው የተወለደው ረፋድ ላይ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ዘንዶው ሁለተኛ ጭንቅላት አበቀለ። ማምሻውን ደግሞ ዘንዶው ሴት እንደነበረችና እንቁላሎቿን ካምቢዮው ላይ ታቅፋ እንደተገኘች በዓይኑ ያየ ሰው ብቅ አለ። ሰውየው በዚያን ቀን ሌላ ከተማ እንደዋለ የገዛ ሚስቱ ብትመሰክርበትም፣ ማኪያቶውን እያማሰለ፣ «ከሩቅም ይታይ ነበር» አለ።

እስቲ በሞቴ፣ ትንሽ እናስብ። ያቺ መኪና ከመሬት ያላት ርቀት ድመት እንኳ አንገቷን ሰብራ የምታልፈው ነው። ዘንዶ የት ተጠምጥሞ፣ የት ተፈትቶ? ደግሞስ የጋደምን ደረት ያየ ሰው እንኳን መኪና፣ የሸሚዝ ቁልፍ መሸከሙን ይጠራጠራል። ያም ሆኖ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ይህችን ነገር ከሥሯ ማየት ይሻላል። ከሥር ከተባለ ደግሞ ከጋደም በላይ ከሥር የኖረ ሰው የለም።

«ጋደም» እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። በጎረምሳነቱ በተቀጠረበት ጋራዥ አለቃው በገባ በወጣ ቁጥር «ያ ልጅ የት ሄደ?» ይላል፤ ባልደረቦቹ ወደ አንዱ መኪና ስር እያመለከቱ «ጋደም ብሏል» ይላሉ። በዚያው ጋደም ሆኖ ቀረ። የሰፈሩ ቀልደኛ ሁሉ «ተኝቶ የሚበላ» ይለዋል። እሱም አይተውም፤ «እኔ ተኝቼ እሠራለሁ፣ አንተ ቆመህ ታንቀላፋለህ፤ የቱ ይሻላል?» ይላል።

ሥራው የመኪና ሆድ ማጽዳትና ከዝገት መጠበቅ ነው። ሌላው ሰው ከላይ ያለውን ቀለም ሲያንጸባርቅ፣ እሱ ባለቤቱ እንኳ አይቶት የማያውቀውን ቦታ ያንጸባርቃል። ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቹ አቋራጭ አላቸው፤ ጭቃውን ረጨት ረጨት ያደርጉና ከላይ ጥቁር ሬንጅ ይለብጡበታል። ጋደም ይህን ሲያይ ደሙ ይፈላል። «ዝገቱን ብርድ ልብስ አልብሳችሁ መልካም እንቅልፍ አላችሁት እኮ!» ይላል። እሱ ጭቃውን ከየስርቻው በእንጨት ፈልቅቆ፣ በለብታ ውሃና ሳሙና አጥቦ፣ ብሎኑን አንድ በአንድ በጥርስ ብሩሽ ቦርሾ፣ በነፋስ ማሽን ብረቱ አጥንቱ ድረስ እስኪሰማው አድርቆ፣ በመጨረሻ ጥርት ያለ ሰም እንደ ቅባት ስስ አድርጎ ይቀባል። ከሰሙ ስር ሁሉም ነገር ይታያል። ሆድ ከጌታው የሚደብቀው አይኖርም።

የጥርስ ብሩሾቹን የሚያመጣለት የቀይዋ መኪና ባለቤት፣ የጥርስ ሐኪሙ ነው። ዶክተሩ መኪናዋን ለዓመታት እንደ ዓይኑ ብሌን ጠብቋታል። ጋደም ሲጨርስ ነጭ ገዋኑን ሰብስቦ ይንበረከክና፣ አፍ ውስጥ የሚያይበትን ያችን ባለእጀታ ትንሽ መስታወት ከስሯ ሰዶ ይመረምራል። አንዳንዴ ልማድ ሆኖበት «ከፈት አድርጊልኝ» ሲላት ተሰምቷል።

እዚህ ላይ ስለ ዘንዶው መናገር ግድ ነው። ዘንዶው የውሃ ቱቦ ነው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ከግፊት ማሽኑ ጋር የተገጠመ ቱቦ፤ ማሽኑ ሲነሳ ጅራቱን እንደረገጡት አውሬ ተፈናጥሮ ስለሚነሳ ጋራዡ ውስጥ ሌላ ስም ኖሮት አያውቅም። ጋደም የሚጠቀምበት ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ውስጥ የደረቀውን ግትር ጭቃ ለማስለቀቅ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ «ዘንዶውን አብሩት!»፣ «ዘንዶውን አጥፉት!» ሲባል ይዋላል፤ ዞር ብሎ የሚያይም የለም።

የጋደም ሚስት ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቋ ከጋራዡ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። የሥራ ቱታውን የምትሰፋለት እሷ ናት። ኪሶቹ ሁሉ ደረቱ ላይ ናቸው፤ በጀርባው ለሚኖር ሰው የኋላ ኪስ ምን ያደርግለታል? ጀርባውን ደግሞ በጥጥ ደልድላለታለች። «ፍራሽህን ለብሰህ የምትዞር አንተ ብቻ ነህ» ትለዋለች። በዚያን ቀን ጠዋት ግን ቀልድ አልነበረም። ወገቡን ይዞ ከአልጋው ሲነሳ አይታ፣ «እስክትሞት ከብረት ስር ልትኖር ነው ወይ?» አለችው።

«ብረቱስ ዝም ይላል» አለና በሩን ከኋላው ዘጋ።

እንዲህ ተኳርፈው ነው ቀኑን የጀመሩት።

ረፋድ ላይ ዶክተሩ መኪናዋን አመጣት፤ አዲስ አማቹም አብሮት ነበር። አማቹ በሬዲዮ የእግር ኳስ ጨዋታ የሚያስተላልፍ ሰው ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ ሦስት ሰፈር ይሰማል፤ ከፍ ሲያደርግማ መስኮት ይዘጋበታል።

«አፉን ከፍቶ የሚጠብቀኝ ሰው አለ፤ ደርሼ እመጣለሁ» አለ ዶክተሩ። «አንተ እዚሁ ሆነህ ጋደምን አግዘው» ብሎ አማቹን ትቶት ሄደ።

ጋደም መኪናዋን በክሪክ አነሳ፣ አራት የብረት መቆሚያዎች ላይ አሳረፋት፣ ጎማዎቿን ፈታ። ቀጥሎ መቼም የማይዘላትን ነገር አደረገ፤ የተፈቱትን ጎማዎች በጎንና በጎኗ፣ ከጠርዟ ስር አስተኛቸው። ብረት ቢከዳ ጎማ ይቀበላል። ከዚያ በትናንሽ መሽከርከሪያ የሚንሸራተት ጣውላው ላይ ተንጋሎ፣ ዘንዶውን ይዞ፣ ሹልክ ብሎ ገባ። አንደኛው ጎን ግድግዳ ነው፤ መውጫው በአንድ በኩል ብቻ።

አማቹ ትንሽ ቆሞ አየ። ሊያግዝ ፈለገ፤ ለአዲስ አማት ካልታዘዙ መቼ ሊታዘዙ! ዓይኑን ሲጥል አራት አቧራማ ጎማዎች መሬት ላይ ተጋድመዋል። «እነዚህን አብለጭልጬ ብጠብቃቸው አማቴ ደስ አይላቸውም?» ብሎ አሰበ። አንድ በአንድ እያንከባለለ ወደ ደጁ ወሰዳቸውና በጨርቅ ይወለውል ጀመር። ማሽኑ ስለሚያጓራ ጋደም አልሰማም። ወደ ላይ ስለሚያይም አላየም።

ያኔ ነው ዘንዶው ከመርጫው መገጣጠሚያ የተፈተለከው።

ቱቦው ከእጁ አምልጦ የመኪናዋን ሆድ እንደ ጅራፍ እየገረፈ ተወራጨ። ውሃው ዓይኑን አሳወረው። ፊቱን ጠርጎ ሲያይ ግን ያስደነገጠው ቱቦው አልነበረም። ውሃው የሚረጨው የፊተኛው መቆሚያ እግር ስር ነበር፤ እዚያ ቦታ ሲሚንቶው የተሰነጠቀ ነው፣ ከስሩ አፈር ነው። አፈሩ ተሸረሸረ። የመቆሚያው እግር፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያፍር ሰው፣ ወደ ውስጥ መስጠም ጀመረ።

መኪናዋ አቃሰተች። ጠርዟ ወርዶ ጉልበቱ ላይ አረፈ። መውጫው ተዘጋ።

«ጎማው አለ» አለ ለራሱ። አንገቱን አዙሮ አየ። ጎማ የለም። በሌላ በኩል አየ። እዚያም የለም።

ያለ የሌለ ጉልበቱን አሰባስቦ ጮኸ፤ «ዘንዶውን አጥፉት! ኧረ ዘንዶውን አጥፉት!»

አማቹ ጨርቁን ጣለ። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ጥቁር፣ እርጥብ፣ የሚወራጭ ነገር ከመኪናዋ ስር ብቅ ብሎ ተመለሰ። ከዚህ በኋላ መንገዱ ላይ ነው የተገኘው።

«ዘንዶ ገባ! ዘንዶ ከመኪናው ስር ሰው ይዟል! ጋሼ ጋደም ብቻቸውን እየታገሉ ነው! ኧረ ድረሱ፣ አጥፉት እያሉ ነው!»

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ዳቦ ጋጋሪው ዳቦ የሚያወጣበትን ረጅም እንጨት ይዞ፣ ዘበኛው ዱላውን ይዞ፣ ጸጉር አስተካካዩ ጢሙ እስከ ግማሽ ድረስ የተላጨ ደንበኛውን አስከትሎ መጣ። ሁሉም ዘንዶውን ለማየት ጎንበስ አለ። ጎንበስ ሲል ደግሞ እጁን የሚያሳርፈው ቀይዋ መኪና ላይ ነው። አንድ እጅ ባረፈ ቁጥር መቆሚያው ትንሽ ይሰምጣል።

«መኪናዋን አትንኩ!» አለ ጋደም ከስር።

«ሰማችሁ?» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «መኪናዋ ላይ ወጥቷል ማለት ነው!» ይህን ብሎ እንጨቱን ከስሯ ሰደደና ቱቦውን ነረተው። ቱቦው ዞሮ ውሃውን ፊቱ ላይ ለቀቀበት። «ተፋብኝ! ዓይኔን! መርዙን ተፋብኝ!»

«ዳቦ ጋጋሪው ተመቱ! ዘንዶው የበላይነቱን ይዟል!» አለ አማቹ፤ ሙያው አልለቀው ብሎ።

ከስር ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። የካምቢዮው ሆድ፣ ጋደም ራሱ ስንት ዓመት ሰም እየቀባ ሲንከባከበው የኖረው ብረት፣ ሰሙን እንደለበሰ ቀስ ብሎ ወርዶ የደረት ኪሱን ቁልፍ ነካ። ቀዝቃዛ ነበር። ጋደም ትንፋሹን አስወጣ። ደረቱ ሲሟሽሽ ትንሽ ክፍተት ተገኘች። አየር ለማስገባት ፈራ፤ ካስገባ ደረቱ ይነፋል፣ ከተነፋ ብረቱ ይጫነዋል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ክሳቱ ፈጣሪውን አመሰገነ። ከዚያ ጠዋት በሩ ላይ የተናገረው ትዝ አለው። «ብረቱስ ዝም ይላል።» እውነት ነው፣ ዝም ብሏል። ዝም ብሎ እየወረደ ነው። ለሚስቱ የተናገረው የመጨረሻ ቃል ይህ ሊሆን ነው?

በቀረችው ትንፋሽ፣ ከሹክሹክታ ከፍ ባለች ድምፅ፣ «ዘንዶውን...» አለ።

ልብስ ሰፊዋ መንገዱን የተሻገረችው ያኔ ነው። መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ መርፌ በከንፈሯ ነክሳለች። ትዳሯን ሙሉ እራት በቀረበ ቁጥር ዘንዶው ዛሬ እንዲህ ሆነ፣ ዘንዶው ዛሬ አስቸገረኝ ሲባል ስትሰማ ኖራለች። ሕዝቡን በክርኗ ከፍላ አለፈች። ጎንበስ ብላ እንኳ አላየችም። ቀጥታ በሩ ጀርባ ወዳለው ግድግዳ ሄዳ ማሽኑን ቀጭ አደረገች፣ ቧንቧውንም ጠምዝዛ ዘጋችው።

ቱቦው ተዝለፍልፎ ወደቀ።

«ሞተ!» አለ ዘበኛው በአድናቆት። «በዓይኗ ብቻ ገደለችው!»

«እጃችሁን ከመኪናዋ ላይ አንሱ!» አለች መርፌዋን ከከንፈሯ አውጥታ። ሁሉም እንደተቃጠለ ሰው እጁን ሰበሰበ። ከመኪናዋ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ብቻ ይሰማል።

«አንተ ሰውዬ! አለህ?»

ጎንበስ አለች።

«አንተ ሰውዬ!»

«አለሁ» አለ ከስር አንድ ቀጭን ድምፅ። «ጎማ... ጎማ የለም።»

ዞር አለች። አማቹ ካበለጨለጫቸው ጎማዎች አጠገብ አፉን ከፍቶ ቆሟል። «አንተ ባለ ድምፅ! ያንን ጎማ አንከባልለው! ሩጥ!» ሮጠ። ጎማውን አስተኝታ ከጠርዙ ስር በእግሯ ገፍታ አስገባች፤ ቀጥላ ሁለተኛውን። እግሯን ከማንሳቷ መቆሚያው ተንሸራተተ። መኪናዋ ወደቀች፤ ወደቀችና ጎማው ላይ «እህ» ብላ አረፈች።

«አንተዬ?»

«ጠባብ ነው እንጂ ደህና ነኝ» አለ ጋደም።

በክሪክ ቀስ አድርገው አነሷት። ጋደም በእግሩ በኩል ወጣ፤ ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ርሷል፣ የኪሱ ቁልፍ ተበጥሷል። ሚስቱ አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር አውልቃ ትከሻውን መታችውና፣ መልሳ ያንኑ ትከሻ ይዛ አቆመችው።

«ብረቱ ዝም አለልህ?» አለችው።

«አንቺ ጩኺ» አላት። «ሁልጊዜ ጩኺ።»

ዶክተሩ ከበሽተኛው ሲመለስ ተንበርክኮ መስታወቱን ሰደደ። ካምቢዮው ላይ፣ ጥርት ባለው ሰም መካከል፣ የአንዲት ቁልፍ ክብ ምልክት ከነአራት ቀዳዳዋ ታትማለች።

«ይህቺ ምንድን ናት?»

«የእኔ ናት ዶክተር። ጠርጌ እንደገና እቀባዋለሁ።»

ዶክተሩ መስታወቱን እንደያዘ፣ ከተሰነጠቀው ሲሚንቶ ወደ ጋደም ደረት፣ ከጋደም ደረት ወደ አማቹ ብዙ ጊዜ አየ። «አትንካት» አለ። «እንደዚሁ ትኑር።»

በማግስቱ ጋደምና ሚስቱ በካፌው በር ሲያልፉ አማቹ የዘንዶውን ርዝመት በሁለት እጁ እያሳየ ነበር፤ እጁ አልበቃ ብሎት የጎረቤቱን ተውሷል።

«ይኸው የነገሩ ባለቤት መጡ!» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «ጋሼ ጋደም፣ በሞቴ፣ እውነቱን ንገሩን! ጭንቅላቱ አንድ ነበር ሁለት?»

ጋደም ቆመ። አዲስ የተሰፋችለትን ቁልፍ ዳበስ አደረገና እንዲህ አለ፤

«ዘንዶ አልነበረም። አንገቴ ላይም የተጠመጠመ የለም። መኪናም በደረቴ አልደገፍኩም፤ ብሎኑንም ቦርሼ አልጨረስኩም። የውሃ ቱቦ ነው። ሚስቴ ዘጋችው።»