ሹፌር ሀምዱ እንቅልፍ የተማረበት ሳምንት

ሀምዱ ሰዒድ ከደሴ ኮምቦልቻ አሥራ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ነድቷል። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ከቤቱ ደረጃ አብልጦ ያውቀዋል። የትኛው ኩርባ ላይ ሁለተኛ ማርሽ፣ የትኛው ላይ ሦስተኛ እንደሚገባ ዓይኑን ጨፍኖ ይነግራችኋል። በ1979 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን እዚያው ሐረጎ ላይ ዓይኑን የምሩን ጨፈነ።

አውቶቡሱ የሐጅ ዓብደላ ነው። ከደሴ መናኸሪያ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል፤ የሚጭነውም አብዛኛውን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። የዚያን ቀን አርባ ሁለት ሰው ነበረበት። ፈታይዋ ሥርጉት እንደ ልማዷ ከሹፌሩ ጎን፣ የሞተሩ ክዳን ላይ ተቀምጣለች፤ ቦታው ስለሚሞቅ ለማንም አትለቅም። የሀምዱ አንገት ወደ መሪው ሲያዘነብል ቀድማ ያየችው እሷ ናት።

«ጋሼ ሀምዱ፣ ገደል!» ብላ ጆሮውን ጎተተችው።

ፍሬኑ ጮኸ። አውቶቡሱ የፊት ጎማው ከአስፋልት ወርዶ ጠጠር ላይ ቆመ። ከጎማው እስከ ገደሉ አፍ አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ሰው አልተጎዳም፤ የተደፋው ምሳ ብቻ ነው።

«አልተኛሁም፤ ዓይኔን ላሳርፈው ብዬ ነው» አለ ሀምዱ፣ ጆሮውን እያሻሸ።

«እርስዎ ዓይንዎን ሊያሳርፉ፣ እኛን ለአንዴውም ሊያሳርፉን!» አለች ሥርጉት። ከኋላ ሳቅም ለቅሶም ተሰማ።

ወሬው ከአውቶቡሱ ቀድሞ ደሴ ገባ። ሐጅ ዓብደላ ፒያሳ ካለው የጨርቅ ሱቃቸው ሀምዱን አስጠሩት። አልጮኹበትም።

«ስማኝ ሀምዱ። ወላሂ አልጠላህም። ነገር ግን አርባ ሁለት ሰው ቀብር ላይ የምቆምበት ጉልበት የለኝም። እስከ ጁምዓ መሪውን በሺር ይያዝ፤ አንተ ትኬት ቁረጥ። ጁምዓ ጠዋት መናኸሪያ መጥቼ ዓይንህን አየዋለሁ። ከጠራ ቁልፉ ያንተ ነው። ከቀላ ግን በሺር በዚያው ይቀጥላል።»

በሺር የሀምዱ ሚስት የሸሪፋ ታናሽ ወንድም ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ሁለተኛ ዓመቱ። ያስተማረው ራሱ ሀምዱ ነው።

የሀምዱ እንቅልፍ የተበላሸው በ77ቱ ድርቅ ነው። ያኔ የደጋን ተወላጁ ሀምዱ አውቶቡሱን ትቶ ከአሰብ የእርዳታ እህል ሲያመላልስ ከረመ። ሌሊት ይነዳል፣ ቀን መኪናው ሥር ይተኛል፣ እንዳያንቀላፋ ጫት ይቅማል። እህሉን የሚጠብቀው ሰው መንገድ ዳር ተኝቶ ሲያይ፣ እሱ መተኛቱን እንደ ወንጀል ቆጠረው። ድርቁ አለፈ፤ ልማዱ ግን አብሮት ወደ አውቶቡሱ ተመለሰ።

ቀኑ እንዲህ ነበር የሚውለው። ጠዋት ሠራተኛውን ኮምቦልቻ አራግፎ፣ ምሳውን በልቶ፣ በሞቃቱ አየር የኋላ ወንበር ላይ ይጋደማል። ኮምቦልቻ ደግሞ ለቀን እንቅልፍ የተሠራች ናት። ማታ ደሴ ሲገባ ከጓደኞቹ ጋር ለጫት በርጫ ይቀመጣል። ከዚያ ቤቱ ቡና ይጠጣል። በመጨረሻ በደሴ ብርድ በረዶ የሆነ እግሩን ይዞ አልጋ ውስጥ ይገባል፤ እንዳይረፍድበት በባትሪ እያበራ የደወል ሰዓቱን ሲያይ ያነጋል።

ሸሪፋ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀቷን ከተቀበለች ወዲህ ሳትጽፈው የሚያልፍ ነገር የለም። የዶሮዋን እንቁላል ትጽፋለች፤ ዝናብ የዘነበበትን ቀን ትጽፋለች። ቅዳሜ ማታ ባሏ ስለ ጁምዓው ቀጠሮ ሲነግራት ደብተሯን አወጣች።

«ምን ልትጽፊ ነው?»

«አንተን።»

እሁድ ሀምዱ ከደሴ በታች ወዳለው ገራዶ ለቀብር ሄደ። ሲመለስ መኪና አጥቶ ዳገቱን በእግሩ ወጣው። ያን ሌሊት እንደ ግንድ ወድቆ አደረ። «ሀዘን ነው» አለ በነጋታው፤ ከዚያ በላይ አላሰበበትም። ሰኞ ወደ ልማዱ ተመለሰ፤ እንቅልፉም ወደ ልማዱ ተመለሰ።

ጎረቤቱም ዝም ብሎ የሚያይ አልነበረም። ሰፈሩ ውስጥ ዱዓቸው ይደርሳል የሚባሉት ሼህ ዘይኑልአቢዲን ማክሰኞ ማለዳ በሩን አንኳኩ።

«አብሽር ልጄ። ዛሬ ማታ ወዳጃ እንቀመጥልሃለን። ጎረቤቱን ሰብስበን እንቅልፍህን ከአላህ እንለምናለን።»

«ጀዛከላህ ሼኽዬ፣ ምን ላዘጋጅ?»

«ምን ታዘጋጃለህ? እንደ ወጉ ነዋ!»

እንደ ወጉ ማለት ጫት ነው። በወሎ ወዳጃ ያለ ጫት አይደምቅም። ሀምዱ ሦስት እስር ለምለም ቅጠል ገዛ። ሼሁ የመጀመሪያውን እስር ይዘው መረቁበት፤ «ያ ረቢ፣ ለባሪያህ ለሀምዱ ጣፋጭ እንቅልፍ ስጠው!» አሉ። ቤቱ ሙሉ ሰው «አሚን!» አለና ቅጠሉን ጎረሰ።

ዱዓው ያማረ ነበር። ከማማሩ የተነሳ ሰዓት እላፊ መግባቱን ያስታወሰ አልነበረም። ሲያስታውሱ ደግሞ ከቤት መውጣት አይቻልም፤ ጥበቃዎቹ መንገድ ላይ ናቸው። የቀረው አማራጭ ዱዓውን መቀጠል ነው። አንዱ ለሀምዱ እንቅልፍ ይለምናል፣ ሌላው ቅጠል ያቀብላል። የጫቱ ምርቃና ሞቀ። የንጋቱ የሱብሂ አዛን ሲሰማ ቤቱ ውስጥ ካለው አሥራ አራት ሰው አንድም ዓይኑን የከደነ አልነበረም። ባለጉዳዩ ሀምዱ ከሁሉም በላይ ነቅቶ ስለ መኪና ፍሪሲዮን አሠራር ያስረዳ ነበር።

ማንም ያላሰበው ሌላ ነገርም ነበር። ከአሥራ አራቱ አንዱ በሺር ነው። ሌላው ደግሞ ሐጅ ዓብደላ ራሳቸው።

ረቡዕ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ መናኸሪያ። አውቶቡሱ ሞልቷል፤ ሹፌር የለም። በሺር አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አሳርፎ ቆሟል፤ ዓይኑ በርበሬ መስሏል።

«ሐጅ፣ እኔ ይህን መኪና አልነዳም። ሰዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚታዩኝ» አለ።

«ሀምዱስ?» አሉ ሐጅ ዓብደላ።

ሥርጉት ከሞተሩ ክዳን ላይ አንገቷን አሰገገች። የሦስቱንም ዓይን በየተራ አየች። «ሐጅ፣ የእርስዎን ዓይንስ ማን ይይልን?»

ሐጅ ዓብደላ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ማዛጋት ቀደማቸው። ከባለ አውቶቡሶች ማኅበር ተራ የሚጠብቅ ሹፌር ተለምኖ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ተኩል አለፈ። ሠራተኛው ሁሉ ረፍዶበት ገባ።

«ጁምዓ ግን ጁምዓ ነው» አሉት ሐጅ ሀምዱን ሲለዩት። «ቀጠሮው አልተሻረም። ደግሞ ሌላ ወዳጃ እንዳትጠራ!»

ሀምዱ ረቡዕ ማታ አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ገባ። ሁለት ሌሊት ብቻ ቀርቶታል። ሸሪፋ ደብተሯን ከፍታ ኩራዙ አጠገብ ተቀመጠች።

«ስማ የልጄ አባት። ቅዳሜ፦ የቀን እንቅልፍ ሁለት ሰዓት ተኩል። ጫት፣ እስከ ዒሻ ሰላት። ቡና፣ አራት ስኒ። ሰዓት አየ፣ ዘጠኝ ጊዜ። የተኛው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ሰኞም ያው ነው። ማክሰኞን ተወው፤ አልተኛህም። አሁን እሁድን ስማ። የቀን እንቅልፍ፣ የለም። ጫት፣ የለም። ቡና፣ ጠዋት ብቻ። ከገራዶ በእግሩ መጣ። እግሩ ታጠበ፣ በሙቅ ውሃ። የደወል ሰዓቱን መሙላት ረሳ። ማታ ሦስት ሰዓት ተኛ። አንኮራፋ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እሁድን ድገመው።»

«ምን? ደግሞ ሰው ልቅበር?»

«ቀብሩን ተወው አንተ ሰውዬ! መንገዱን፣ ውሃውን፣ ባዶ አፍህን ነው የምልህ።»

ሀምዱ ሊከራከር ፈለገ፤ ግን ጽሑፍ ነው፣ ጽሑፍ አይከራከሩትም። ያን ምሽት በርጫውን ተወ። ከቤቱ እስከ ፒያሳ ወጣ፣ ወረደ። ሸሪፋ በገንዳ ሙቅ ውሃ አቀረበችለት፤ ለዒሻ ውዱእ መታጠቢያም በቀዝቃዛ ውሃ ፈንታ ሞቅ ያለ ሰጠችው። የሱፍ ካልሲ አደረገ። የደወል ሰዓቱን ሞልታ ደወሉን ለንጋት አስተካከለችው፤ ግን ከሳጥኑ ውስጥ ከልብስ ሥር ቀበረችው። ሲደውል ይሰማል፤ ሊታይ ግን አይችልም።

ሦስት ሰዓት ላይ ጋደም አለ። እንቅልፍ ግን አልመጣም። ራሱን አመመው፤ ጫት ሲቀር እንዲህ ነው። በቀኝ ጎኑ ሆነ፣ በግራው ሆነ፣ አልጋው ተንቋቋ።

«ተነስ» አለችው ሸሪፋ።

«ምን አደረግኩ?»

«አልጋ መተኛ ነው እንጂ መገላበጫ አይደለም። እዚያ ዱካ ላይ ተቀምጠህ ሙስበሃህን ቁጠር። እንቅልፉ ሲጠራህ ትመጣለህ።»

ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ቆጠረ። ሁለት ዙር እንደ ጨረሰ ዶቃው ከጣቱ ወደቀ። ወደ አልጋው የገባበትን አያስታውስም። ደብተሩ ላይ «ረቡዕ፦ የተኛው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ» ተብሎ ተጽፏል።

ሐሙስ ኮምቦልቻ ላይ ፈተናው ጠና። ፀሐይዋ ሞቃት፣ የኋላ ወንበሩ ረጅም፣ በሺር ራሱ ተዘርግቶ ያንኮራፋል። ሀምዱ ከአውቶቡሱ ወርዶ ጎማ መፈተሽ ያዘ። ስድስቱን ጎማ ፈትሾ ሲጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ከዚያ የኋላ ማሳያ መስታወቱን፣ ስፖኪዮውን፣ ወለወለ። ሥርጉት ከፋብሪካው በር ስትወጣ ያንኑ ስፖኪዮ ሲወለውል አገኘችው።

«ጋሼ ሀምዱ፣ ሊሞሸሩት ነው እንዴ?»

ከመንገድ ሲመለስ ሼህ ዘይኑልአቢዲን በሩ ላይ ጠበቁት። ፊታቸው ላይ ሀፍረት ነበር።

«ልጄ፣ እንቅልፍ ለምነን ምርቃና ነው የሰጠንህ። ቀልቤ እምቢ ቢለኝ ዛሬ ከሱብሂ በኋላ ብቻዬን ተቀምጬ ዱዓ አድርጌልሃለሁ። ያለ ቅጠል።»

«ያለ ቅጠል ይደርሳል ሼኽዬ?»

«እሱን ነገ ትነግረኛለህ።»

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሸሪፋ ደብተሯን ልትጽፍ ስትነሳ ባሏ ቀድሟት ተኝቷል።

ጁምዓ ንጋት ሐጅ ዓብደላ ባትሪ ይዘው መናኸሪያ ቆሙ። የሀምዱን የዓይን ሽፋን በአውራ ጣታቸው ወደ ላይ ሳቡት፤ ቀኙን አበሩበት፣ ግራውን አበሩበት።

«ማሻ አላህ» አሉ። «የሕፃን ዓይን!»

በሺር የሐጅን ቃል ሳይጠብቅ ቁልፉን ወረወረለት። «እንካ፣ በአላህ ውሰድልኝ። ሐረጎን በአንደኛ ማርሽ ስወርድ ሰንብቻለሁ።»

ሀምዱ መሪውን ያዘ። ከከተማው ወጥተው ቁልቁለቱ ሲጀምር ወደ ሁለተኛ ማርሽ አወረደ። የመጀመሪያው ኩርባ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ባለፈው ቅዳሜ የቆሙበት ጠጠር በግራ በኩል አለፈ። የተናገረ ሰው አልነበረም። ዝምታው ስለበዛበት፣ ተቆጥተውብኛል ብሎ ወደ ስፖኪዮው አየ።

ተኝተዋል። ተሳፋሪው በሙሉ። ራስ በራስ ላይ ተደጋግፎ፣ አፍ ተከፍቶ፣ ነጠላ አፍንጫ ላይ ወድቆ። ሥርጉት የሞተሩ ክዳን ላይ ተጠቅልላ ታንኮራፋለች።

ሀምዱ ማርሹ እንዳይጮህ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ ረገጠ። ኮምቦልቻ ፋብሪካው በር ላይ ሲደርሱ የእጅ ፍሬኑን ሳበና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ተነሱ እንጂ! ወዳጃ አድራችሁ ነው የመጣችሁት?»