ጂፕሰም አይቶ የተሻገረው ቁስል

ሰውየው ጋና፣ ኩማሲ ከተማ ወዳለው የቆዳ ክሊኒክ የሚመጣው የለቅሶ ጥቁር ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አስወልውሎ ነው። የግራ ክንዱ ቁስሎች በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ፤ ቀኝ እጁ የማይደርስበት ጀርባው ግን እንከን የለውም። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ጥቁር ያላወለቀችው መዝገብ ያዥ ሴርዋ፣ ገና ከበር ስታየው ልቧ ይረበሻል።

"ራሱ ነው የሚቧጭረው" ብሏታል ዶክተር ቦአዱ በሹክሹክታ። "ፊት ለፊት ከነገርነው ግን ይኮበልላል፤ ቤቱ ደግሞ ማንም የለውም።"

ስለዚህ ዶክተሩ እንዳይቧጭረው ክንዱን ስብራት በሚታሰርበት ጂፕሰም አሸገው። ዛሬ ሲፈታ ክንዱ እንደ ሕፃን ገላ ለስልሷል። አዲሱ ቁስል ግራ ጭኑ ላይ ወጥቷል።

"በሽታው ብልጥ ነው፣ ዶክተር። ጂፕሰሙን ሲያይ ተሻገረ" አለ ሰውየው በኩራት።

"እንግዲህ ቀኝ እጅዎን ነው ማሸግ!" ሴርዋን አመለጣት።

ዶክተሩ ደነገጠ። ሰውየው ቀኝ እጁን አገላብጦ አየው።

"ታዲያ ማን ያጎርሰኛል?"

"ይህንን እዚሁ ያለችው የአእምሮ ሐኪም ትጠይቅዎታለች" አለ ዶክተሩ ቀስ ብሎ።

"እውነት ትጠይቀኛለች?"

"ሌላ ሥራ የላትም።"

ሰውየው ብድግ አለ። "በሯ የትኛው ነው?"

ሴርዋ ክንዱን ይዛ ወሰደችው።